ቀምሶ ማወቅ፦ ከሐዋሳ የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም ከሐዋሳ አንባቢዎቻችን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስላልተለመደ ምግብ ነው የሚጠይቁት። ከተማዋ ከየአቅጣጫው ሰው የሚገናኝባት በመሆኗ አይገርምም፤ የአንዱ የዕለት ምግብ ለሌላው አዲስ ነው። መልሶቻችን ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው። አዲስ ምግብ ለመቅመስ ጀግንነት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መጠኑን ትንሽ፣ ምግቡን ግን ከዓይነቱ ምርጡን ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተገላቢጦሽ ስለሚያደርገው ነው፤ በደንብ ያልተሠራውን በትልቁ ይጎርስና “አልተስማማኝም” ብሎ ለዘላለም ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ በዝውውር የመጣሁ መምህርት ነኝ። ባልደረቦቼ ቤታቸው እየጋበዙኝ ዋሳ (ቆጮ) ሲቀርብ ሽታው ይከብደኛል፤ ቡርሳሜ ላይ የሚፈሰው ቅቤም ያስፈራኛል። እንቢ ማለት ነውር ነው፣ በልቼም ፊቴ ቢቀየር ሌላ ነውር ነው። እንዴት ልልመደው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የሚከብድዎት ሽታ የመበላሸት ሳይሆን የመብላላት ሽታ ነው። የእንሰቱ ግንድ ተፍቆ፣ ሥሩም ተከትክቶ አንድ ላይ ይደባለቅና በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ ያኮመጥጡታል። የጤፍ ሊጥ ላይ እርሾ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ጤፉ ሁለትና ሦስት ቀን ሲበቃው እንሰቱ ብዙ ይቆያል። እንጀራ ሲበሉ ላደጉ ሰው ኮምጣጣው ጣዕም አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብዎት ሽታው ብቻ ነው፣ እሱም የሚለመደው ደረጃ በደረጃ ነው።

መጀመሪያ ቡላ ይቅመሱ። ቡላ እንሰቱ ሲጨመቅ ከወጣው ፈሳሽ ሥር የሚረጋው ነጭ ስታርች ነው፤ ሽታው በጣም ለስላሳ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም። ለገንፎ አንድ ብርጭቆ ደረቅ የቡላ ዱቄት ለአራት ብርጭቆ ፈሳሽ ይበቃል። ፈሳሹ ግማሹ ውሃ ግማሹ ወተት ቢሆን ይመረጣል። ዋናው ጥንቃቄ ዱቄቱን በመጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ነው። ደረቁ ዱቄት በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ የያንዳንዱ ጓል ውጭ ወዲያው ስለሚበስል ውስጡ ዱቄት እንደያዘ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢማሰል አይፈታም። የተበጠበጠውን በቀስታ እያፈሰሱ፣ እሳቱን ዝቅ አድርገው ያማስሉ። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ሲሆንና ከድስቱ ጠርዝ ሲላቀቅ በስሏል። ከገበያ የገዙት እርጥቡ ቡላ ከሆነ ፈሳሹን በአንድ ብርጭቆ ይቀንሱ።

ቀጥሎ አሚቾ ይሞክሩ። የእንሰቱ ሥር ሳይብላላ ተቀቅሎ የሚበላ ስለሆነ ምንም ኮምጣጣ ነገር የለውም። ሦስተኛው ደረጃ በስሱ ተጋግሮ የደረቀ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ነው። ቡርሳሜ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዋሳው ተፈርፍሮ፣ ውሃው ደርቆለት፣ በብዙ ቅቤ ታሽቶ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ የሚቀርበው። ለሲዳማ ቤተሰብ ቡርሳሜ ተራ ምግብ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት በመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ዋዜማ የሚቀርበው እሱ ነው። ቅቤው የበዛልዎት ስለከበሩ ነውና አይደንግጡ። አጠገቡ ወተት ወይም እርጎ ከቀረበ በየሁለት ጉርሻው አንዴ ፉት ይበሉበት፣ የቅቤው ክብደት ይቀልልዎታል።

ቤትዎ መለማመድ ከፈለጉ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ዋሳ በቂ ነው። ሲገዙ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለውን፣ ቃጫው ያነሰውን ይምረጡ። ጥቁር፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለበት ሻግቷል፣ ይተዉት። ሻጩን “ብዙ ያልቆየ” ብለው ይጠይቁ፤ በጉድጓድ በቆየ ቁጥር ሽታው ስለሚጠነክር ለጀማሪ አዲሱ ይሻላል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃው መንጠባጠብ እስኪያቆም ይጭመቁት። መክተፊያ ላይ አድርገው በቢላ በሁለት አቅጣጫ ይክተፉት። ይህን መክተፍ የሚዘል ሰው ነው “ቆጮ ጥርስ ውስጥ ይገባል” የሚለው፤ ረጅሙ ቃጫ ካልተቆረጠ መግባቱ አይቀርም። ከዚያ አሽተው፣ ከጣት ውፍረት ባልበለጠ ጠፍጥፈው፣ በኮባ ቅጠል መሐል አድርገው በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያገላበጡ ይጋግሩ። እሳቱ ከበዛ ውጩ ያርና መሐሉ ሊጥ ይሆናል፤ በደንብ ካልተጨመቀም ያው ነው። በቢላ ሲወጉት ቢላው ንጹሕ ከወጣ በስሏል።

ግብዣ ላይ ደግሞ ሳይቀርብልዎት በፊት “ለእኔ አዲስ ስለሆነ ትንሽ አድርጉልኝና ልልመደው” ይበሉ። ይህን የሚቀየም ባለቤት የለም። የሚያስቀይመው የተቆለለውን ሰሐን ነካክቶ መተው ነው። በጉርሻ ከተያዙ ግን በእጅዎ ይቀበሉና ከፍለው ይጉረሱ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ወንድ ልጄ ከፓስታና ከሽሮ በስተቀር ምንም አይበላም። እናቱ በግድ ታጎርሰዋለች፣ እሱ ይተፋል፣ ቤቱ ጦርነት ሆኗል። ምን እናድርግ? (የልጅ አባት፣ ከምስራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ አዲስ ምግብ መፍራት የተለመደ ነገር ነው፤ ልጅዎ በዚያ መሐል ላይ ነው ያለው። አንድን አዲስ ምግብ እስኪቀበል ድረስ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ሊቀርብለት ይችላል። አብዛኛው ወላጅ ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ “ይሄን አይወድም” ብሎ ይደመድማል። ልጁም ሲባል የሰማውን ያምናል።

በግድ ማጉረሱን ዛሬውኑ አቁሙ። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ ለማይፈልግ ልጅ አፉን ይዞ ማጉረስ ግን ምግቡን ከጭንቀት ጋር ያጣብቅበታል። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የወላጅ ነው፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የልጁ ነው።

በተግባር እንዲህ ነው የሚሆነው። ከሚወደው ሽሮ አጠገብ የአተር ፍሬ የምታህል አንድ አዲስ ነገር አስቀምጡ፤ የተቀቀለ ካሮት፣ ወይም የበሰለ አቮካዶ። ስለሷ ምንም አትናገሩ። እናንተ እሷኑ እየበላችሁ ሌላ ጨዋታ አውሩ። ቢነካት፣ ቢያሸታት፣ ልሶ ቢመልሳት ሁሉም እድገት ነው፤ ማሽተትና መንካት ለልጅ የመቅመስ መጀመሪያ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ማዕዱን ያለ ቁጣ አንሡ። ከሁለት ቀን በኋላ ያቺኑ ምግብ ድገሙ። በአንድ ጊዜ ሁለት አዲስ ነገር አታቅርቡ፤ ሽፍታ ወይም ተቅማጥ ቢመጣ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም።

“ጎመኑን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ” የሚለው ውል ይቅር። ልጁ የሚማረው ከረሜላው ሽልማት፣ ጎመኑ ቅጣት መሆኑን ነው፣ ጎመኑንም የባሰ ይጠላዋል። ካሮትን ሽሮ ውስጥ ፈጭቶ መደበቅም ለንጥረ ነገሩ ቢጠቅም እንጂ ካሮት መብላትን አያስተምርም፤ ከደበቃችሁም ጎን ለጎን የሚታየውን አስቀምጡ።

ብዙ ቤት ውስጥ የማይታየው ምክንያት ደግሞ ልጁ አለመራቡ ነው። በምግብ መሐል ብስኩት፣ ጭማቂና ወተት ሲወርድ ከዋለ ማዕድ ላይ አዲስ ነገር የሚሞክርበት አንጀት የለውም። ከምግቡ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከውሃ በስተቀር ምንም አትስጡ፤ የቀኑ ወተትም ከግማሽ ሊትር አይለፍ። ልጁ ምግብ ላይ እጁን ያስገባ፦ ጎመን ይበጥስ፣ ቲማቲም ይጠብ፣ ማሰሮ ውስጥ ይጨምር። በእጁ የሠራውን የመቅመስ ዕድሉ ይጨምራል።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም የሚያስለው ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ይበላቸው የነበሩት ሳይቀሩ አንድ በአንድ እየጠፉ ከሄዱ ይህ ከተራ መራጭነት ያለፈ ነውና የሕፃናት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወስደው ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላሉ፤ እኔ ስፈራ “ገና አልሠለጠንክም” ይሉኛል። ሎሚውና ዳጣው ይገድለዋልም ይላሉ። ልሞክረው? (ተማሪ)

መልስ፦ አይሆንም። ያልለመዱትን መቅመስና አደጋን መዋጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተም የፈራኸው ተገቢውን ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ላይ ኮንትራሲከም የሚባል የክር ትል እጭ እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው። ዑደቱ ዓሣ በል በሆኑ ወፎች በኩል ይሄዳል፦ ትሉ በወፉ ሆድ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ በጥቃቅን የውሃ እንስሳት አልፎ ዓሣው ውስጥ ይሰፍራል። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ ለወፍ ሲጣል ያየ ሰው ዑደቱ ለምን እንደማይቋረጥ ይገባዋል። በሰው ላይ እምብዛም የማይታይ ቢሆንም ጥሬ ዓሣ በሚበላ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ከትሉ በበለጠ በየዕለቱ የሚያሳምመው ደግሞ ባክቴሪያው ነው፤ አንዱ ቢላ ሆድ ዕቃ ያወጣበታል፣ ሥጋውንም ይቆርጥበታል፣ ሁለቱም በሐይቁ ውሃ ይታጠባሉ፣ ዝንቡም አለ።

ሎሚ የዓሣውን ሥጋ ያነጣዋል፣ የበሰለም ያስመስለዋል። ፕሮቲኑን ነው የሚለውጠው፤ እጩን አይገድልም። የዳጣው ቃጠሎም የሚሰማው ምላስህ ላይ ነው፣ ትሉ ላይ ምንም አያደርግም። ጥገኛ ትልን በእርግጠኝነት የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ የሥጋው ወፍራም ቦታ መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሳይቋረጥ ለሰባት ቀን። የቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ቆጠራው ይበላሻል። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን እንደማይገድልም አትርሳ። ለብለብ የተባለው መሐሉ ገና ጥሬ ስለሆነ ከጥሬው ብዙ አይለይም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊና የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጨርሶ አይጠጉት።

ጓደኞችህ ሲሄዱ ግን አብረህ ሂድ። በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ወይም የፈላ የዓሣ ሾርባ እዘዝ፣ ዳጣውንም እሱ ላይ ብላው። የሐይቁ ጣዕም ያለው እዚያም ነው።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ ገዝቼ ስጠብስ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ልጆቼ “አፈር ነው” ብለው አይነኩትም። ድስቱም ላይ ይጣበቃል። (የቤት እመቤት፣ ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ልጆችዎ በትክክል ነው የቀመሱት። የአፈር ጣዕሙ ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው፤ ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ያመርቱታል፣ ዓሣው በስንጥቡ ይወስደዋል፣ በተለይ ቆዳውና ስቡ ላይ ይከማቻል። ጂኦስሚን በአሲድ ይፈርሳል። ስለዚህ ቆዳውን ገፈው፣ በሥጋው መሐል የሚታየውን ቀይ ቡናማ መስመር በቢላ አንሥተው፣ አንድ ሊትር ውሃ ላይ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨምረው ለ20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋው ይፈረካከሳል። አምባዛ ላይ ሽታው ይበልጥ ስለሚጠነክር ይህን መዝለል አይገባም።

ግዢው ላይ በተቻለ መጠን ሙሉውን ዓሣ ይግዙና እዚያው ያስገፍፉ፤ ጭንቅላቱ የተነሣለት ሥጋ ስለ ትኩስነቱ ብዙ አይነግርም። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ ጎድጉዶ ከደፈረሰ፣ ስንጥቡም ቡናማ ከሆነ ይለፉት። በማለዳ ይግዙ፤ በሐዋሳ ሙቀት ያለ በረዶ ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆዩት።

ሙሉውን ከነአጥንቱ ሲጠብሱ በየጎኑ ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ይሰንጥቁት፣ ሙቀቱ ውስጥ እንዲገባ። ለአንድ መካከለኛ ዓሣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ያድርቁት። የሚጣበቀውም፣ ዘይቱም የሚፈናጠረው በውሃው ምክንያት ነው። በደረቀው ላይ ስስ ዱቄት ይነስንሱበት። ዘይቱ መድረሱን በትንሽ ሊጥ ይፈትሹ፤ ወዲያው ተንሳፍፎ አረፋ ካበዛ ደርሷል፣ ሥር ከቀረ ገና ነው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያስገቡ። ሲበዛ ዘይቱ ይበርዳል፣ ዓሣውም ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል። በየጎኑ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። ለመገልበጥ አይቸኩሉ፤ ሲበስል ራሱ ይለቃል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በሹካ ሲላቀቅ ያውጡት።

ለልጆች ሲሰጡ አጥንቱን በጣትዎ እየዳበሱ ያውጡ። ቆሮሶ ላይ ከጭንቅላቱ በኩል እስከ መሐል አንድ መስመር ሆኖ ስለተደረደረ በቢላ መስመሩን ቆርጦ ማንሣት ይቻላል። አምባዛ ቀጫጭን አጥንቱ ጥቂት ነው። ቢልጫ ግን በሥጋው ሁሉ የተበተነ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ አጥንት ስላለው ለልጅ አይሰጥም፤ ለተጠለለ ሾርባ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ለልጄ ምርቃት ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼን ልጠራ ነው። ለሁሉም የሚሆን ዓሣ ነው ብዬ አምባዛ ላቀርብ አሰብኩ። ስሕተት አለው?

መልስ፦ አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህ ምክንያት የማይበሉት ብዙ ኦርቶዶክስ ምእመናን አሉ። ቆሮሶ ያድርጉት፣ ቅርፊት አለው። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ግን ዓሣን የሚበላም የማይበላም ስላለ ምስርና ሽሮ አይጉደል። ሥጋ ካለ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ ድስቱ፣ ቢላውና ጭልፋው ሳይቀር ይለይ። በየትሪው ፊት ስሙን የሚናገር አስተናጋጅ ይኑር። ለሰው ሳያውቅ ማብላትና “በልተኸው የለ እንዴ!” ማለት የሰውን እምነት መንካት ነው፤ ጎረቤት ከዚያ በኋላ ቤትዎ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ይሰጋል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ከቻይና የመጣች አለቃችን ቡድናችንን ራት ጋብዛናለች። ጾም ላይ ነኝ፤ ቶፉ ለጾም ይሆናል ብላኛለች። እውነት ነው? ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቶፉ ራሱ የጾም ነው፤ ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራ ነው። ራሱን ችሎ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፣ የተነከረበትን ይወስዳል። ችግሩ ያለው የሚነከርበት ላይ ነው። ኦይስተር ሶስ ኦይስተር ከሚባል ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው፣ የዓሣ ሶስም አለ፣ መረቁም ብዙ ጊዜ የዶሮ ወይም የአሳማ አጥንት ነው። ስለዚህ “ቶፉ ነው?” ብለሽ ሳይሆን “መረቁና ሶሱ ከምንድን ነው?” ብለሽ ጠይቂ፤ ከዋናው ቀን አስቀድመሽ ብትነግሪያት ደግሞ ለእሷም ይቀልላታል። ሶይ ሶስ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ስለሚሠራ የጾም ነው፣ ግን ጨው ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። ደም ግፊት ካለብሽ አታፍሺበት፣ ጫፉን አስነኪበት።

ጾሙ ካለፈ በኋላ ሽሪምፕ ከቀረበልሽና መብላት ከፈለግሽ መጀመሪያ ግማሿን ብቻ ቅመሺ። እንዲህ ያሉ የባሕር እንስሳት አለርጂ ከሚያስነሡት ዋና ዋና ምግቦች ውስጥ ናቸው፣ ምልክቱም ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ሰውነት ላይ ሽፍታና ማሳከክ ካየሽ አቁሚ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ሆስፒታል ነው፣ ነገ አይባልም።

በቾፕስቲክ መብላት ካልቻልሽ ሹካ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ዳጣ ስበላ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ውሃ ስጠጣ ይብሳል። የሐዋሳ ሰው እንዴት ነው የሚችለው?

መልስ፦ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ነው የሚሟሟው። ውሃ ከቦታ ቦታ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሣውም። ወተት፣ እርጎ ወይም አይብ አፍዎ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙ፣ ከዚያ ይዋጡ። ለመልመድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዳጣ በሦስት የሾርባ ማንኪያ እርጎ በጥብጠው ይጀምሩና በየሳምንቱ እርጎውን ይቀንሱ። እንዲህ ሲሆን ከቃጠሎው ሥር ያለውን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ይለዩታል፤ ዳጣ የሚወደደው ለነሱ ነው። ጨጓራ ካለብዎ ግን ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ከዓመት በፊት ዓሣ በልቼ ሌሊቱን ሙሉ አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሽታው ሲመጣ ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ባለቤቴ ዓሣ ወዳድ ነው፤ እኔም ብመለስ ደስ ይለኛል። ይቻላል? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ይቻላል። አንጎላችን ከምግብ በኋላ የመጣን ማቅለሽለሽ፣ ሰዓታት ቢያልፉም፣ ከበላነው ነገር ጋር ያያይዘዋል፤ በተለይ ምግቡ አዲስ ከነበረ። አንዴ መታመም ይበቃዋል። በሽታው ከሌላ ነገር የመጣ ቢሆን እንኳ ጥፋቱን የሚሸከመው ዓሣው ነው። ስለዚህ “ምንም የለውም፣ ብዪው” የሚል ማባበል አይሠራም፣ ምክንያቱ በወሬ የሚፈታ አይደለምና።

መጀመሪያ ያ ሌሊት ምን እንደነበር ያስቡ። ሽፍታ፣ ማሳከክ ወይም የፊት ማበጥ አብሮ ከነበረ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያዩ እንዳይሞክሩ። ያ ካልነበረ መመለሻው መንገድ ያመመዎትን መልክ አለመድገም ነው። ያኔ የበሉት ጥብስ ከነበረ ጥብሱን ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ባለቤትዎም ለጊዜው ደጅ ይጥበስ ወይም ውጭ ይብላ። በሾርባ ይጀምሩ። የአንድ ትኩስ ቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት፣ ስንጥቡ ወጥቶ፣ በአንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ይጣድ። ስንጥቡ ከቀረ ሾርባው ይመርራል፣ ይደፈርሳልም። አረፋው ሲወጣ ይገፈፍ፣ ከዚያ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ገብቶበት በለስላሳ እሳት 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ በላይ ከቆየ አጥንቱ ይመርራል። በወንፊት ይጠለል፣ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበት። የመጀመሪያ ቀን ጠግበው ሳይሆን ራብ ራብ ሲልዎት ሦስት ማንኪያ ብቻ ይጠጡ፣ ከሚወዱት ምግብ በፊት። ካላቅለሸለሸዎት ከሦስት ቀን በኋላ ግማሽ ስኒ፤ ከሳምንት በኋላ ጥቂት የነጭ ሥጋ ፍርፋሪ ይግባበት። ካቅለሸለሸዎት ግን ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱና እዚያው ሁለት ሳምንት ይቆዩ።